የአንዳርጌ ደም

አሰጋሽ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ገበያ ሻይ እየሸጠች የለመደችው ዓረብኛ ኋላ እንጀራ ሆነላት፤ በስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ አስተርጓሚ ሆና ተቀጠረች። ዓመቱ ክፉ ነበር። ካርቱም ላይ የተነሣው ጦርነት መንገዱን ዘግቶ የማሽላው ራሽን መጀመሪያ በግማሽ ተቀነሰ፣ ቀጥሎ አንድ ወር ጭራሽ ቀረ። ከጎረቤቱ ዳስ ጭስ ሲወጣ ያየ ሁሉ «ምን አግኝተው ነው?» ማለት ጀመረ።

ታምሬ ልጁን አዝሎ ክሊኒክ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የመተማ ሰው ነው፤ ቁረይሻ እርሻ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ የኖረ የቀን ሠራተኛ። ሚስቱ ሸጊቱ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጃቸው አንዳርጌ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እጅና እግሩ አብጦ፣ ጉልበቱን ሲነኩት ይጮኻል።

ሱዳናዊቷ ሐኪም ዶክተር ሰዓዲያ ጣቱን ወግታ ደሙን መረመረች። ሲክል ሴል ነበር፤ የደም ሴል እንደ ማጭድ እየተቆለመመ የደም ሥር የሚዘጋበት፣ በዘር የሚመጣ በሽታ። መድኃኒት ሰጠችው፤ ለክሳቱም የለውዝ ቅባት እሽግ በየሳምንቱ እንዲወስድ አዘዘች። ከዚያ ስለሚወለደው ሕፃን አስባ፣ «ወላጆቹንም ልመርምር?» አለች። ተስማሙ። ምርመራው ሌላ ነገርም ሊያወጣ እንደሚችል ግን ማንም አልነገራቸውም።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ሰዓዲያ በሩን ዘጋች።

«ይህ በሽታ ከእናትም ከአባትም ካልመጣ እንዲህ አይጸናም። እናቱ ላይ አለ፤ ታምሬ ላይ ግን የለም። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች አሰጋሽ።

«እንግዲህ የሚጠቅማቸውን ብቻ እንነግራቸዋለን፤ የሚወለደው በዚህ በሽታ አይታመምም። ሌላው ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

አሰጋሽ እንደተባለችው ተረጎመች። ታምሬ ደስ ብሎት የሐኪሟን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ።

በሳምንቱ፣ ራሽን በሚታደልበት ቀን፣ በለጡ የምትባል የሰፈር ሴት ሰልፉ መሐል አሰጋሽን ያዘቻት። የበለጡ ልጅ ክንዱ ሲለካ «ገና አልከሳም» ተብሎ እሽጉን ተከልክሎ ነበር።

«ለታምሬ ልጅ በካርቶን ታሸክሚያለሽ፤ የኔ ልጅ ምን በደለሽ? ዘመዶችሽ ናቸው?»

የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። አሰጋሽ ፊቷ ጋለ።

«እኔ አይደለሁም የምሰጠው! ልጁ በሽተኛ ነው። በዘር የሚመጣ የደም በሽታ አለበት።»

«ምን ዘር? ታምሬ እንደሆነ እንደ በሬ የጠና ሰው ነው።»

«ታምሬ ላይማ የለም፤ ከእናቱ ነው። ከሁለቱም ካልመጣ ደግሞ...»

አቋረጠችው። ግን በለጡ ገብቷታል። «እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ!» ብላ አጠገቧ ያለችውን ጎሸም አደረገቻት። አሰጋሽ «ተሳሳትኩ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። የሴቶቹ ዓይን ከእሷ ላይ ተነሥቶ ወደ ሌላ ወሬ ሲሄድ ልቧ እፎይ አለ። ኋላ ከተናገረችው ቃል ይልቅ ፊቷን ያቃጠላት ያች እፎይታ ነበረች።

ሁለት ቀን አልሞላም፣ የሰፈሩ ልጆች አንዳርጌን «አባትህ ማነው?» እያሉ ይከተሉት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ታምሬ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«አያ ታምሬ፣ ይግቡ።»

«አልገባም። ልጁ የኔ እንዳልሆነ ተናግረሻል አሉ።»

አሰጋሽ መሬት መሬት አየች።

«እኔ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ሸጊቱን ሳገባት የሦስት ወር እርጉዝ ነበረች። መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ያደረጉባትን አልቅሳ ነግራኛለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴ እንኳ አልሰማችም።» ድምፁን አላነሣም። «የመጣሁት ለሌላ ነው። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለሚወለደውም የነገርሽን፣ ሐኪሟ ያለችውን ነው? በትክክል ነው የተረጎምሽልኝ?»

«በትክክል ነው፤ አንድም አልጨመርኩ።»

«እሺ» ብሎ ዞረ። «ይቅር ይበሉኝ» ስትል ጀርባውን ነበር የምታየው።

በማግሥቱ ዳሳቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። በሎሪ ተጭነው ቁረይሻ ለአረም ሄደዋል ተባለ። አሰጋሽ ሌላ ሰው ሳይቀድማት ለዶክተር ሰዓዲያ ሁሉንም ነገረቻት።

«ደማቸውን ስወስድ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አላስረዳኋቸውም፤ ይህ የኔ ጥፋት ነው» አለች ሐኪሟ። «አንቺ ግን ከእንግዲህ ከበሽተኛ ጋር እዚህ ክፍል አትገቢም።»

አሰጋሽ የአንዳርጌን የወር መድኃኒት ከሐኪሟ ለምና ተቀበለች፤ ሎሪ ተሳፍራ ቁረይሻ ወረደች። ሸጊቱን ከእርሻው ዳር ጎንበስ ብላ ስታርም አገኘቻት። ልጁ ጥላ ሥር ተኝቷል። ሸጊቱ ቀና ብላ አየቻት፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መድኃኒቱን ተቀበለች።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው?»

«ይኸኛው አንድ ጊዜ። ይች ሲያመው ብቻ። ውሃ በብዛት ይጠጣ፤ ካተኮሰው ሳታድሩ ሐኪም ቤት አድርሱት።»

ሸጊቱ ደግማ አስነገረቻት፤ እስክትይዘው ድረስ።

«እት ሸጊቱ፣ እኔ...»

«ተይው» አለቻት። «እዚህ የሚያውቀን የለም። ሁለተኛ አትምጪ፤ መድኃኒቱን በሎሪው ሾፌር ላኪልን።» ተመልሳ ወደ አረሙ ጎነበሰች።

አሰጋሽ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሎሪ ጠበቀች። አብሯት የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ማንን ልትጠይቅ እንደመጣች በዓረብኛ ጠየቃት።

«ማንንም» አለችው።