ወደ እሷ የዞረው ስክሪን

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም ልጄ፣ በሩ ላይ አትገተሪ፣ ቦታ አለ። ስለ እህቴ ልጅ ልንገራችሁ። ብዙ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ያየሁትን ብቻ ነው የማወራችሁ።

የእህቴ ልጅ፣ እኔ ልጄ ነው የምላት፣ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ ያልነካችው ጨርቅ በነካችው ይቀናል ይሉ ነበር። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ትዳራቸው ሰላም ነው፤ ልጅ ግን እምቢ አላቸው። እናቷ በሕይወት ስለሌለች ሐኪም ቤት አብሬያት የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። ባሏ ከመንገድ እየደወለ "አክስቴ፣ አደራ" ይለኛል።

ሐኪሟ ሴት ናት፤ በዕድሜም እኩያዋ። የመጀመሪያው ቀን የምርመራ አልጋው መጋረጃ አጥሮ እግሯን አልሸፍን ሲል፣ ልጄ ተኝታም ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነበር።

"ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን መጋረጃ የሰፋው ሰው ተናዶ ነበር እንዴ?"

ዶክተሯ ከት ብላ ሳቀች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጄ እስከ ወለል የሚደርስ ውሃ ሰማያዊ መጋረጃ ሰፍታ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ "እርስዎ" ቀረና አንቺ ተባባሉ።

ሕክምናው ቀላል አልነበረም። መርፌው ሆዷን አበለዘው። እንቁላሏን አውጥተው፣ ከባሏ ዘር ጋር አገናኝተው፣ ፅንሱን መልሰው ማህፀኗ ውስጥ ያኖሩታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። መጠበቅ ደግሞ፣ ልጆቼ፣ ከመርፌው ይብሳል።

ዶክተሯ አንድ ልማድ ነበራት። በአልትራሳውንድ ስታይ ስክሪኑን ወደ ራሷ ታዞራለች። የምስራች ካለ ለምትታከመው ሴት ትመልስላታለች፤ ከሌለ መሣሪያውን ጠራርጋ "ልበሺና ቢሮ እንነጋገር" ትላለች። አዝናላቸው ነው፤ ባዶውን አይተው እንዳይሰበሩ ብላ። ልጄ የዚያን ስክሪን ጀርባ ከፊቱ ይልቅ ታውቀዋለች።

ቢሮ ሲገቡ ዶክተሯ እጇን ይዛ "አይዞሽ፣ እንደገና እንሞክር" ትላታለች። ልጄም "እሺ" ትላለች። አውቶቡስ ውስጥ ግን ትከሻዬ ላይ ትወድቃለች።

"አክስቴ፣ ደከመኝ።"

"ታዲያ በቃኝ በያት እንጂ!"

"እንዴት ብዬ? ፊቷን አላየሽውም? ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የከፋት።"

"ጉድ እኮ ነው! ሐኪሙ እንዳይከፋው ብሎ የሚታከም ሰው ዛሬ አየሁ።"

ሳቀችና መልሳ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች።

በመጨረሻው ሙከራ ደሟ ሲመረመር እርጉዝ ናት ተባለ። ባሏ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ በስልክ አለቀሰ። ልጄ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ ፈርታ በእጇ ትሰፋ ጀመር። "ደንበኞችሽ ይሸሻሉ" ስላት "ይሽሹ!" አለችኝ።

የልብ ትርታ የሚታይበት ቀን ደረሰ። ዶክተሯ "እማማ፣ ዛሬ እንግዳ ላስተዋውቅዎት ነው" እያለችኝ ገባች። ስክሪኑን እንደ ልማዷ ወደ ራሷ አዞረች። እጇ በልጄ ሆድ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ቀልዱ አፏ ላይ ደረቀ።

"ልበሺና..."

"አልለብስም" አለች ልጄ። "አዙሪልኝ።"

"የኔ እህት፣ ምን ያደርግልሻል?"

"የእኔ ሆድ አይደለም እንዴ? ሁልጊዜ ጀርባውን ነው የማየው። አዙሪልኝ።"

ዶክተሯ እኔን አየችኝ። ቀስ ብላ አዞረችው። ጥቁር ከረጢት የምትመስል ነገር፣ ውስጧ የማትንቀሳቀስ ነጭ ነጥብ። ልጄ ክር መርፌ ላይ ስታስገባ እንደምትጠነቀቀው ተጠንቅቃ፣ በጣቷ ነጥቧን ነካቻት።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት። ልቧ ቆሟል።"

"መጥታ ነበር ማለት ነው?"

"አዎ። መጥታ ነበር።"

ዶክተሯ "አይዞሽ፣ እንደ..." ብላ ስትጀምር ልጄ ቀደመቻት።

"በቃኝ። ከበቃኝ ቆይቷል። ይህን ብልሽ የምከዳሽ እየመሰለኝ ነው ስመላለስ የኖርኩት።"

ዶክተሯ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና የልጄን እጅ ያዘች። "እኔም ተስፋው እንደመነመነ አውቅ ነበር። በቃ ብልሽ የምገድልሽ መሰለኝ።"

አያችሁ ይሉኝታን? ለሌላ ጊዜ ጌጥ ነው፤ እዚህ ግን የልጄን ሆድ በከንቱ አስወጋው። ልጄ እጇን ከዶክተሯ እጅ አላቀቀች። ጣራ ጣራውን አየችና መልሳ እጇ ላይ አኖረችው። ሁለቱም ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ።

ሌላ ቀጠሮ አልተሰጠም። በሩ ላይ ቆመው መለያየት አቃታቸው። ከእንግዲህ በምን ይገናኙ? ያገናኛቸው ያልተወለደ ልጅ ነበር። ልጄ ዞር ስትል ከመጋረጃው ጫፍ የተንጠለጠለች ክር አየች። ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰቻትና ወጣን።

መጋረጃው ዛሬም እዚያው ነው። ከኋላው የሚተኙት ሴቶች ማን እንደሰፋው አያውቁም፤ ባያውቁም ግድ የለም። ለያቺ ትንሽ ነጥብ ግን፣ ልጆቼ፣ ስም እንኳ ያወጣላት የለም። መጥታ ነበርና፣ እናንተ እባካችሁ አንዳንዴ አስቧት።