ሁለት ዜሮ

የካ ውስጥ ቁጥር የቸገረው ሁሉ እኔ ቤት ይመጣ ነበር። ኮተቤ ሂሳብ አስተምራለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቶንን ወደ ኪሎ፣ ኪሎን ወደ ግራም ስመነዝር ኖሬ፣ ሰው «መምህር ሀብተወልድ ያሰሉት አይሳሳትም» ሲል እውነት መስሎኝ ነበር። ትዕቢተኛ ነበርኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

በ1977 ቀበሌያችን ለድርቅ ተጎጂዎች እህል ሲያሰባስብ መዝጋቢው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ኩንታል ሳሰላ ዋልኩ። ኩንታል ወደ ኪሎ፣ ሁለት ዜሮ ጨምር። ኪሎ ወደ ኩንታል፣ ሁለት ዜሮ ቀንስ። ራሴ ዞሮ ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ ኩልሱም በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መገናኛ ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ባሏ ዘምቶ የቀረባት ሴት ናት። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ የአራት ዓመቷ ነጂማ፣ እሷም የሚጥል በሽታ አለባት።

«መምህር፣ ጤና ጣቢያ የድሮው ኪኒን አልቋል አሉኝ። ይኸን ከውጭ የመጣውን ሰጡኝ። ስንት ልስጣት ብል ስብሰባ ረፈደብን ብለው በሩን ዘጉብኝ።»

የሐኪሙ ወረቀት ማታ ማታ ሠላሳ ሚሊግራም ይላል። ጠርሙሱ ላይ ደግሞ እያንዳንዷ ኪኒን 0.1 ግራም እንደሆነች ተጽፏል።

«እዳው ገብስ ነው» አልኳት። እርሳስ እንኳን አላነሳሁም። ሁለት ዜሮ ጨመርኩና ኪኒኗን አስር ሚሊግራም አደረግኳት። «ሦስት ሦስት ስጫት።»

በማግስቱ ኩልሱም እየሳቀች መጣች፤ ልጅቷ ሳትንፈራገጥ አድራለች። በሦስተኛው ቀን «ቀንም ትተኛለች፤ እንቅልፍ ናፍቋት ኖሯል» አለችኝ። ደስ አለኝ። አሁን ያንን ደስታ ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ወጥቼ ኮተቤ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ መለኪያዎችን ጻፍኩ። 1 ኩንታል፣ 100 ኪሎ። 1 ግራም፣ 1000 ሚሊግራም። እጄ የለመደውን ጻፈ፤ እኔ ያነበብኩት ከጻፍኩት በኋላ ነው። ሦስት ዜሮ። ኪኒኗ መቶ ሚሊግራም ናት። ልጅቷ ሦስት ሌሊት ከታዘዘላት አስር እጥፍ ስትውጥ ሰንብታለች።

ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ። ታክሲ አልጠበቅኩም፤ እስከ የካ በእግሬ ሮጥኩ። ባሕር ዛፍ ያለበት ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ።

ስደርስ ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። ወንዶቹ ነጂማን ቀብረው ተመልሰዋል።

ኩልሱም እጄን ያዘችኝ። «አላህ ይስጥልኝ መምህር። ከተወለደች እንደነዚህ ሦስት ሌሊቶች ተኝታ አታውቅም። አሳረፉልኝ።»

ስህተቴን መናገር ፈራሁ። ያን ጊዜ ሰው በትንሹም በትልቁም ይታሰር ነበር፤ እኔ ግን የፈራሁት እስሩን አይደለም። ፊቷን ነው የፈራሁት።

በሌላው እጇ ጠርሙሱን ከጉያዋ አወጣችና አጠገቧ ለተቀመጠችው ለጎረቤታችን ለአሳየች ሰጠቻት። የአሳየችንም ልጅ ይጥለዋል፤ የነጂማ እኩያ ነው፤ ሐኪም ያዘዘለትም ያንኑ ሠላሳ ሚሊግራም ነው።

«ውሰጂው፣ ለእኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» አለቻት። «ማታ ማታ ሦስት ነው። መምህር ናቸው ያሰሉት።»

አሳየች ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔም አይታሽም፤ የሞተችው ሞታለች። ዝም ብል ግን ዛሬ ማታ ሌላ ልጅ ሦስት ኪኒን ይውጣል።

«ሦስት አይደለም» አልኩ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ስንት ነው?» አለች አሳየች።

«የአንዷ ሲሶ።»

ኩልሱም አሁንም እጄን እንደያዘች ነው። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሽንኩርት ስትሸጥ እንደምታደርገው በልቧ ትቆጥር ነበር። አንዷ ኪኒን ለሦስት ሌሊት ትበቃለች። እሷ በሦስት ሌሊት የሰጠችው ዘጠኝ ነው።

ቆጥራ ስትጨርስ እጄን ለቀቀችው።