ምርጥ ምርጡ ጥጥ

መቀሱ የፍራሹን ሆድ ከዳር እስከ ዳር ሲተረትረው ጥጡ ቡልቅ ብሎ ወጣ፤ ግራጫ፣ የተቋጠረ፣ የስንቱን ሰው ላብ የጠጣ ጥጥ። ሴትዮዋ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ የስድስት ዓመት ልጇ የምትተኛበትን ፍራሽ እንደ ደመኛ ትወጋዋለች።

የሠራው ባሏ ነው። ፍራሽ ሰሪ ነው፤ የደንበኞቹን አሮጌ ጥጥ በሁለት ዱላ እየደበደበ አፍታትቶ መልሶ ይሞላል። ልጁ ስትወለድ ከየደንበኛው ጥጥ ምርጥ ምርጡን እየቆነጠረ፣ በሠፈሩ አምሳያ የሌለው ወፍራም ፍራሽ ሠራላት። በየዓመቱ በተወለደችበት ወር እዚያው መኝታ ቤቷ ውስጥ ይተረትረዋል፤ ደብድቦ፣ አሳብጦ ይሰፋዋል። ትናንትም ይህንኑ አደረገ።

ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። እናት አዝላት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ሐኪሟ የአስም መድኃኒት በአፏ ካስማገቻት በኋላ ምን ላይ እንደምትተኛ ጠየቀች፤ መልሱን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጥጡ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። ምንጣፉም፣ መጋረጃውም። ሁለተኛ እንዲህ ሆና ከመጣች ላልደርስላት እችላለሁ።»

እናት ልጅቷን ጎረቤት አስቀምጣ ገባችና መቀሱን አነሳች።

«አብደሻል እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ!» ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አዎ፣ አብጃለሁ። ዞር በል!»

«በገዛ እጄ የሠራሁላትን!»

«በገዛ እጅህ ነው ያነቅካት።»

በጥፊ አጮላት። ጥጡ ላይ ወደቀች፤ ብናኙ ተነስቶ ሁለቱንም ሸፈናቸው። መቀሱን እንደጨበጠች ስትነሳ ስለቱን በሁለት እጁ ቀለበው። አልለቀቀችም። እሱም አልለቀቀም። ደሙ በጣቶቹ መሃል እየወረደ ጥጡ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«እኔም አባቴም እዚሁ አቧራ ውስጥ ነው ያደግነው። ማን ሞተ?»

«አባትህ እያሳለው አይደል የሞተው?»

«እሱማ ብርድ መቶት...» አለና ዓይኑ ጥጡ ላይ አረፈ።

መቀሱን ቀድሞ የለቀቀው እሱ ነው። ከዚያ ጥጡን በእቅፍ በእቅፍ እያፈሰ ወደ ግቢ ያወጣው ጀመር። መጋረጃውን ከነዘንጉ ገነጠለው፤ ምንጣፉን ከወለሉ ላይ እንደ ቆዳ ገፈፈው። እሷ ያበጠ ጉንጯን ሳትዳስስ የአልጋውን ጣውላ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። ይቅርታ የጠየቀም፣ የጠበቀም የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቷ ከጎረቤት መጣች። አባቷ የመጨረሻውን እቅፍ ጥሎ ግቢው መሃል ቆሟል፤ ጸጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ጥጥ ለብሷል።

«አባዬ!» ብላ እጆቿን ዘርግታ ሮጠች።

«እንዳትነካት!» እናት ከበሩ ጮኸች።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ልጅቷ ጨዋታ መሰላት፤ እየሳቀች ተከተለችው። አሁንም ሸሸ። ሳቋ መሃል ላይ ከደረቷ ቀጭን ፉጨት ይሰማል።

«ያዝኩህ! አባዬ፣ ያዝኩህ!»

ጀርባው ከአጥሩ ገጠመ። የደሙትን እጆቹን ከራሱ በላይ አንስቶ፣ ብናኙ እንዳይረግፍባት ትንፋሹን ዋጠ።