ከጠረጴዛው ሥር

ሐኪሙ «አባባ፣ አሁን ያለነው በየትኛው ወር ነው?» ሲል ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ሥር የባሏን ጭን ቆነጠጠች። ዝም በል፣ ቆይ ማለቷ ነው። ከዚያ ለራሷ የምታጉተመትም መስላ፣ በእጇ ፊቷን እያራገበች፣ «የዘንድሮ ሚያዝያ ሙቀትስ ባሰ!» አለች።

«ሚያዝያ» አለ ባሏ።

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ጻፈ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጃቸው የእናቷን ትከሻ ጨበጥ አደረገች። ምስኪን፣ ዓይኗ የደስታ እንባ አቅርሯል።

ይሄ ብልሃት የመጣው መጀመሪያ የመጡ ዕለት ነው። ያን ቀን ሐኪሙ ወደ ሴትዮዋ እያመለከተ ማን እንደሆነች ቢጠይቀው፣ ባሏ በትሕትና ሠራተኛችን ናት ብሎ አረፈው። ነርሷ ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች። አምስት ልጅ የወለደችለት ሴት በሰው ፊት እንዲህ ተባለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ጥያቄ ብቻውን አልመለሰም።

ሐኪሙ የሚሰጠው ኪኒን ለካንሰር የተሠራ ነው። ለመርሳት በሽታም ይበጅ እንደሆነ እየሞከሩት መሆኑን ሐኪሙ አልደበቃቸውም፤ ካልረዳውም እንደሚያቆመው ነግሯቸዋል። ታዲያ በምን ይወቅ? እዚህ ስትመልስ የምትውለው እሷ፣ ቤት ገብቶ የጎረሰውን ሁሉ የሚያስመልሰው እሱ። አናጢ ነበር፤ ሙሉ በር ብቻውን ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ። አሁን ሱሪውን በገመድ ነው የምታስርለት። በቀደም ሽንት ቤት ደፍ ላይ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። ለልጅቷ ስትነግራት ትንሽ ታገሺ፣ መድኃኒቱ እየያዘለት ነው አለቻት።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ክብደታቸው መቀነሱ ያሳስበኛል። ግን መርሳቱ እንደ እሳቸው የተሻለው ታካሚ የለኝም። መጠኑን ብንጨምር ደስ ይለኛል። የእሳቸውን አይቼ ለሌሎችም ልጀምር ነው።»

አናጢው የሚወራለት ሰው ማን እንደሆነ ለማየት ዙሪያውን ቃኘ። አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ይዋኛል።

«ቆይ ልጄ» አለች ሴትዮዋ። «እስቲ እኔ በሌለሁበት ጠይቀው።»

«ለምን እናቴ?»

«ስመልስልህ የከረምኩት እኔ ነኛ። እሱ ወሩን ቀርቶ ቀንና ሌሊቱን አይለይም።»

ነርሷ ቀና አለች። ትስማ። ሴትዮዋ ጉልበቷን ደግፋ ተነሳችና ወጣች፤ ልጅቷም ተከትላት ወጥታ በሩን ዘጋች።

«እና እስከዛሬ የተደሰትኩት በአንቺ መልስ ነው?» አለች ልጅቷ።

«በእኔ ነው። ምን ላድርግሽ?»

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። እናቷ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የበሩ ሳንቃ ስስ ስለሆነ የውስጡ ሁሉ ይሰማል። አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር ይላል ሐኪሙ። እንደገና ቀስ ብሎ ጠየቀው። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ጎኑን እየዳበሰ እሷን የሚፈልግ ይመስላል።

መልሱ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ሴትዮዋ ከወንበሩ ተነስታ፣ ምንም ወደማይሰማበት ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዳ ተቀመጠች።