ማንም እንዳይቸገር

«እና ሐኪሙ ለአንተ ብቻ ነው የነገረህ?» አሉ አማቱ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን እያስቀመጡ።

«ምኑን፣ አባባ?»

«የቀረኝን ዕድሜ ነዋ! ዐይኔን ልታስመረምር ይዘኸኝ ከሄድክ ወዲህ ያንተን ዐይን ከላዬ ነቅለህ አታውቅም። ስቀመጥ ታየኛለህ፣ ስነሣ ታየኛለህ። ትናንትማ ጫማዬን ሳስር በመስኮት አጮልቀህ ስታይ ያዝኩህ። ሽማግሌ እንዲህ የሚታየው ሊሞት ሲል ነው። በል ተናገር፤ እኔ እንደሆን አልደነግጥም።»

አልደነግጥም ያሉት ሰውዬ ድምፅ ግን ቀጠን ብሎ ነበር የወጣው። ሚስቱ፣ የሽማግሌው ልጅ፣ ይህን ሰምታ ማንኪያ እንደያዘች ከማእድ ቤት ብቅ አለች።

«አንተ! አባዬ ምን ሆኖ ነው? ምን ደብቀኸኛል?»

«ኧረ ምንም! መነጽሩ ይቀየር ነው ያለው ሐኪሙ። ሌላ ነገር ትንፍሽ አላለም።»

«ታዲያ ምኔን ነው የምታየው?» አሉ አማቱ።

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም ነበር። ባልየውም አፉን ከፍቶ ነበር። ግን የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ያሰበውን ትቶ ሌላ አመጣ። «መነጽርዎን ነው፣ አባባ» አለ። «ለምሠራው ፊልም እንዲህ ያለ ፈልጌ አጥቼ...»

«እና ይኼን ለመጠየቅ ነው ሳምንት ሙሉ ነፍሴን ስታወጣት የሰነበትከው? አዲሱ ሲደርስልኝ አሮጌው ያንተ ነው። ሞኝ!» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ሚስቱም እፎይ ብላ በማንኪያው ትከሻውን መታ አደረገችው። እሱ ብቻ አልሳቀም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይኼ ነው።

ሰውዬው ተዋናይ ነው። ተዋናይ ሲባል ስሙ በትልቁ የሚለጠፍ ዓይነት አይምሰላችሁ። እስከዚያ ቀን በሠራባቸው ፊልሞች ሁሉ በር ከፍቷል፣ በር ዘግቷል፣ አንዴም በሩ ላይ ተተኩሶበት ሞቷል። ሰፈሩ «ዘበኛው» ነበር የሚለው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸውማ በመንገድ ባገኘችው ቁጥር «ዛሬስ ማንን አስገባህ?» ሳትለው አታልፍም።

ታዲያ በስተርጅና ዕድል በሩን አንኳኳችና ከዘበኝነት በአንድ ጊዜ ሰብሳቢ ሆኖ ተሾመ። ፊልሙ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው። ባለሥልጣናት በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድን ሕዝብ ከነዘሩ እንዴት እንደሚያጠፉት ይመክራሉ። ጥይት አይተኮስም፤ ደም አይታይም። ሻይ ይጠጣል፣ እጅ ይወጣል፣ ነገሩ ያልቃል። እሱ የዚያ ስብሰባ ሰብሳቢ ነው።

«ጥርሱን የሚያፋጭ አውሬ እንዳታመጣብኝ» አለችው ዳይሬክተሯ ገና በመጀመሪያው ልምምድ። «አውሬ ያየ ሰው "እኔስ እንዲህ አይደለሁም" ብሎ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። የምትወደውን ሰው አምጣልኝ።»

የሚወደውን ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ከግድግዳው ማዶ ሲያስሉ ይሰማዋል።

አማቱ ዕድሜያቸውን በመሥሪያ ቤት ኃላፊነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሰፈሩ የተጣላ ቢኖር እሳቸው ፊት ይቀርባል። ሁለቱንም ወገን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡና መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ፣ የተኛ ሕፃን ላይ እንደሚያሳርፉ ሁሉ ያሳርፋሉ። መዳፉ ካረፈ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አንድ የማትለያቸው ቃልም አለቻቸው። ለቅሶ ቤት ወንበር ሲደረድሩ፣ ለእንግዳ ቦታ ሲለቁ፣ ሻይ ሲያዞሩ «ማንም እንዳይቸገር» ይላሉ። ለእሱም ብለውለታል። ልጃቸውን ሊያገባ ሽማግሌ የላከ ጊዜ ኪሱ ባዶ መሆኑን ያላወቀ አልነበረም። እሳቸው ግን አላሳፈሩትም፤ መዳፋቸውን አሳርፈው «ድግሱ ይቅርብን፤ ማንም እንዳይቸገር» አሉ።

ተዋናይ እንግዲህ የኪስ አውላቂ ወንድም ነው። ልዩነቱ፣ የተሰረቀው ሰው ዕቃው ከእጁ ስለማይጠፋ አይጮህም። እሱም ሙያው ነውና መዳፋቸውንም፣ ክራባታቸውንም፣ አንገት ማዘንበላቸውንም አንድ በአንድ ወሰደ። ቃሏን ግን ለመውሰድ አላሰበም ነበር። እንደ እሱ አባባል፣ ራሷ ናት ተከትላው የሄደችው።

ቀረጻው አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ከመብራቱ ሙቀት የተነሣ የባለሥልጣናቱ አንገት በፑድር ሥር ያልበዋል። ሕዝቡ በምን መኪና ይጫን፣ በየት መንገድ ይሂድ የሚለው ተመክሮበት ካለቀ በኋላ አንዱ ወጣት ሹም ጉሮሮውን ጠራርጎ «ሕፃናቱስ?» ብሎ ይጠይቃል። በጽሑፉ ላይ የሰብሳቢው መልስ «አብረው ይሂዱ» ብቻ ነው።

እሱ መነጽሩን አወለቀ። በክራባቱ ጫፍ ወለወለው። መዳፉን አሳረፈ።

«አብረው ይሂዱ» አለ በዚያ በሚያባብል ድምፅ። «ልጅ ከእናቱ ከተለየ ያለቅሳል፤ ሹፌሮቹም ሰዎች ናቸው። ማንም እንዳይቸገር።»

መብራት የያዘው ሰውዬ አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ። ዳይሬክተሯ «አይደገምም» አለች፣ «በቃ፣ ይኼው ነው።»

እሱን የልብ ልብ ተሰማው። ደስ ብሎት ነበር፣ ምን ይደበቃል! ፑድሩን ሲያጥብ መስታወቱ ውስጥ ፊቱ ሲስቅ አገኘው። ወደ ቤት ሲሄድ ግን አውቶቡስ ውስጥ አንድ እናት ልጇን ታቅፋ ቆማ አየና ቦታ ሊለቅላት ብድግ አለ። «ቁጭ በይ፤ ማንም እንዳይ...» ብሎ አቋረጠ። ሴትዮዋ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቀችው። እሱ ሳይጨርስ ከሚወርድበት ፌርማታ በፊት ወረደ።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ ዘንድ ሄዶ «ያችን ቃል ቁረጪልኝ» ብሎ ለመናት።

«የትኛዋን?»

«የጨመርኳትን። የሰው ናት።»

«እሷን ቆርጬ ምኑን ላሳይ?» አለችው። «ፊልሙ እኮ እሷ ናት።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነበት። በዚህ ላይ አማቱ መነጽራቸው ፊልም መሥራቱን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሰዋል። ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ያወሩታል፤ ፀጉር ሊስተካከሉ ተቀምጠው ያወሩታል። ለምርቃቱ ቀን ግማሹን ሰፈር ጋበዙ። እሱ በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ይላል፤ በየቀኑ ሻያቸውን ጠጥተው ይለያያሉ። በመጨረሻ በጎን ሊያስቀራቸው ሞከረ።

«አባባ፣ ፊልሙ ለእርስዎ ይከብዳል። ደም ግፊትዎም...»

«ደም ይበዛበታል?»

«ኧረ ጠብታም የለበት።»

«ጩኸት?»

«ጩኸትም የለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚከብደኝ? መነጽሬን አይቼ እመለሳለሁ» ብለው አሾፉበት።

በምርቃቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ቤቱ በሰፈር ሰው ሞላ። አማቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አዲሱን መነጽር አድርገው መካከል ላይ ተቀመጡ። በቀኛቸው ልጃቸው፣ ከእሷ ቀጥሎ ባልዋ። ሚስቱ ከኩራቷ የተነሣ እጁን ጨብጣ ይዛለች።

ሰብሳቢው ብቅ ብሎ አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። «እንዴ! አባባ እኮ ናቸው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እዩት፣ እዩት ይኼን ዘበኛ! ቁርጥ እሳቸውን!» ሰፈሩ በሙሉ ተንጫጫ። አማቱም ራሳቸው ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። ሰብሳቢው መነጽሩን በክራባቱ ሲወለውል እንደገና ተሳቀ። ለእያንዳንዱ ሹም ሻይ ስኳር እንዳለው ሲጠይቅ ተጨበጨበ። እሱ ብቻ ወንበሩ ውስጥ እየሰመጠ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይል ነበር።

ሹማምንቱ የሚመክሩት ምን እንደሆነ እየተገለጠ ሲሄድ ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ መጥፋት ያዘ፣ መብራት በየተራ እንደሚጠፋበት ቤት። «ሕፃናቱስ?» የሚለው ሲጠየቅ የሚያስል እንኳ አልነበረም።

መዳፉ አረፈ። ያቺ ቃል ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ወጥታ ሰው ሁሉ ላይ ወደቀች።

የሚስቱ እጅ ከእጁ ወጣ። አልመነጨቀችም፤ ዝም ብላ አነሣችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ክራባታቸው ሄደና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ጥቂት እንደዚያው ቆይቶ ተመለሰ። መነጽሩን ሳይወለውሉ ኪሳቸው ከተቱት፤ የቀረውንም ፊልም ያለ መነጽር አዩ፣ ማየት ከተባለ።

ሲወጡ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፉ ላይ ተኮለኮለ። ልብስ ሰፊዋ እንኳ ማንን አስገባህ አላለችም። ከሲኒማ ቤቱ ወንበር አምጥታ «አባባ፣ ትንሽ ይረፉ» አለቻቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። ሁሉም ምን እንደሚሉ ያውቃል፤ ስንት ዓመት ሙሉ በወንበር ጉዳይ የሚሉት አንድ ነገር ነው። ከፍተው ጠበቁ፣ ጠበቁና ዘጉት። ሳይቀመጡ ሄዱ።

ሚስቱ ወደ ኋላ ሳትመለከት ቀደመች። እሱ ከአማቱ ጎን፣ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተለ። አቧራማውን መንገድ ይዘው ብዙ ተጓዙ። ያን ሁሉ ሰሞን ያደራጀው ይቅርታ የት እንደገባ ጠፋበት፤ የእኔስ ጥፋት ምኑ ላይ ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናናም ሞክሮ አልሆነለትም። ማዕዘኑን ሲታጠፉ መቋቋም አቃተው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ግን ይመኑኝ፣ እኔ የወሰድኩት እጅዎንና አነጋገርዎን ነው። ልብዎን አልነካሁም። የዚያ ሰውዬ ልብ በጭራሽ የእርስዎ አይደለም።»

ሽማግሌው ርምጃቸውን አላቋረጡም።

«የእኔ አለመሆኑንስ አውቃለሁ» አሉ። «ልቡን ከማን ወሰድከው?»