ስም የተንጠለጠለባቸው ዕቃዎች

ሮማን ከዋንጫው ላይ የተንጠለጠለችውን ወረቀት ያስተዋለቻት ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ነው። መልሳ ከፈተችው። ከአገር ቤት የተላከ የአባቷ ለቅሶ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በቀንድ ዋንጫ ጠላ ይጠጣሉ፤ በክር የታሰረችው ወረቀት አገጫቸው ሥር ትወዛወዛለች። ርሳለች።

"ወይኔ አባዬ! ሙዚየሙን አውጥተውታል!"

ዓረብ አገር፣ ሙረባዕ በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ክፍሏ ሊያስተዛዝኗት የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ።

"የምን ሙዚየም እህቴ?" አለች ሂክማ፣ ሻይዋን አስቀምጣ።

"የአባዬ ነዋ! ያ ዋንጫ የሙዚየሙ ነው።"

"ታዲያ በምን ይጠጡ፣ በጫማ?" አለች ሰብለ። አንዷ ሳቋ አምልጧት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

አባቷ አቶ ባንቴ ሸማኔ ነበሩ። የመንደሩ ሰው ፊቱን ወደ ፕላስቲክ ሲያዞር፣ የተጣለውን እንስራ፣ ሌማትና ሞፈር እየለቀሙ አንዲት ጎጆ ውስጥ ደረደሩ። "የስባሪ አባት" ተባሉ። ሮማን፣ ራውዳ ሰፈር ተቀጥራ የምትሠራበትን ቤት ልጆች ይዛ ሙዚየም የሄደች ዕለት፣ መስታወት ውስጥ ያየችውን የቆዳ ውኃ መያዣ በስልክ ነገረቻቸው።

"ማን ሠራው ይላል?"

"ስም የለውም አባዬ።"

ከዚያ ወዲያ ነው በየዕቃው ላይ የሠሪውን ስም እየጻፉ ማንጠልጠል የጀመሩት። ብዙዎቹን ሠሪዎች ከእሳቸው በቀር የሚያስታውስ አልነበረም።

"ያላ፣ ለልጅሽ ደውዪላት" አለች ሂክማ።

ማርታ በኢሞ ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል።

"ለምን ከፈትሽላቸው?"

"የእድሩ ዕቃ ሌላ ለቅሶ ቤት ነበር እማ። የመጣው ሰው በምን ይስተናገድ? ከለቀስተኛ እጅ ዋንጫ ልንጠቅ?"

"ፈርቼ ነበር! የፈራሁት አይቀርልኝም! ስሞቹስ?"

"አንዳንዱ ቀለሙ ፈሰሰ። ሴቶቹን ጠየቅኋቸው። እትዬ ሙሉነሽ ሌማቱን አገላብጠው የእህታቸው እጅ ነው አሉኝ፤ መልሼ ጻፍኩት። እንስራዋን ግን ማንም አላወቃትም።"

"ማንም?"

"አባባ ብቻ ነበር የሚያውቀው።"

ሮማን ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። መርዶውን የሰማች ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ሰብለ ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልወጣትም።

ሲመሻሽ ሴቶቹ ወደየአሠሪዎቻቸው ቤት ተበተኑ። ሮማን መልሳ ደወለች።

"ሁሉንም ጎጆው ውስጥ አስገባሽ?"

"ሁሉንም።"

"እንስራዋንም?"

"እሷንም እማ። ባዶ ወረቀት አስሬባታለሁ።"

"በቃ ዝጊው።"

ቁልፉ ሲዞር ተሰማ።

"እስቲ ሳቢው።"

በሩ ተንገጫገጨ እንጂ አልተከፈተም።

"ድገሚው" አለች ሮማን።

ማርታ ሳበችው።