ራሷ ከወንዙ ማዶ

መደቡ ላይ ቆማ ነበር፣ የጭቃዋ ሴት፣ ራስ የሌላት... ጡት አላት፣ ዳሌ አላት፣ ሆዷ ላይ የስንዴ ፍሬ ታትሞባታል። ራስ ግን የላትም።

ራሷ ከወንዙ ማዶ ነው። ኢልካ ዘንድ፣ እጮኛዬ ዘንድ።

ወደ ዳኑብ የሚፈሰው ወንዛችን ገና ስም ሳይወጣለት ነው ይህ፣ ስንዴ መዝራት አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን። በዘር ወቅት የተጫጩ ሁለት ሰዎች አንዲት የጭቃ ሴት ሠርተው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ አንገቷ ላይ ይሰብሯታል። አካሏ ለወንዱ፣ ራሷ ለሴቷ። በመከር ይጋጠማሉ። ከገጠሙ ሚስት ናት። ካልገጠሙ... የጭቃዋን ራስ ለሌላ ወንድ ሰጥታ ምትክ አበጅታለች ማለት ነው፤ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች።

አላመንኳትም እኔ።

ስትስቅ አላመንኳትም። ዝም ስትል አላመንኳትም። ማዶ ጭስ ሲነሳ፣ ለማን ታበስላለች አልኩ... ማዶ ጭስ ሲጠፋ፣ ከማን ጋር ሄደች አልኩ።

ጎረቤቶቼንም አላመንኩም። ግማሼን፣ አካሏን፣ እንዳይለውጡብኝ ደበቅኩት፣ እናቴ ዳቦ የምትጋግርበት ምድጃ ውስጥ፣ ከአመዱ ሥር።

መከር ደረሰ። መጣች ኢልካ፣ ራሱን በጉያዋ ይዛ። መንደሩ ከበበን። ገጠምነው...

አልገጠመም። የእሷ ሰፋ፣ የእኔ ጠበበ።

«አላልኩም?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «የማን ነው ይሄ?»

«የማን ይሆናል? ያው የሰበርነው ነዋ!» አለች። ግማሼን ነጥቃ በጥፍሯ መታችው። ጠን አለ። የራሷን ግማሽ መታችው። ዱብ አለ። «ስማ አንተ፣ ያንተ እኮ ቀልቷል። የት ነበር ያስቀመጥከው?»

ወደ እናቴ ምድጃ ዞር አልኩ።

«ምድጃዬ ውስጥ እንዳይሆን ብቻ!» አለች እናቴ። «ጭቃ እሳት ሲያገኘው እንደሚኮማተር አታውቅም? እንስራ ስሠራ ዓይንህ የት ነበር?»

«ማዶ ነበራ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

ኢልካ አልሳቀችም። ራሱን በገዛ እጇ እሳት ውስጥ አስቀመጠችው። ጠበቅን፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ።

ቀልቶ ወጣ... ጠቦ ወጣ። ገጠመ። ፀጉር እንኳ አያሾልክም።

«በይ ግቢ፣ ልጄ» አለች እናቴ።

«ገጥሟል፣ እማማ» አለች ኢልካ። «አሁን ግን እኔ አላመንኩትም።»

ታንኳዋን ገፍታ ሄደች።

መደቡ ላይ ቆማለች፣ የሸክላዋ ሴት። ራስ አላት አሁን። ጠባብ ዓይኖች አሏት፤ እኔን ነው የሚያዩት...

አላስቻለኝም። ወንዙ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ጉልበቴ ደረሰ፣ ወገቤ ደረሰ። በሰው ፊት ከሰስኳት፣ በሰው ፊት «በድያለሁ» እያልኩ ስሟን እጠራለሁ፣ ደጋግሜ እጠራለሁ...

መቅዘፏን አቆመች። ፊቷን ግን ገና አላዞረችም።